ለቀይ ሞዴል ከስር ምን ዓይነት ፕራይመር ልርጭ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀይ ሚኒኤቸር፣ ማለትም ትንሽ የወታደር ወይም የዘንዶ ሞዴል፣ ለመቀባት ተነስታችሁ የቱን የስፕሬይ ፕራይመር እንደምትገዙ ግራ ከገባችሁ፣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ከቀላሉ እስከ አስቸጋሪው እነሆ።

ፕራይመር ምንድን ነው? ያለሱ ብቀባስ?

ፕራይመር ከቀለሙ በፊት የሚረጭ፣ ፕላስቲኩን ነክሶ የሚይዝ የመጀመሪያ እጅ ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ልሙጥ ነው። በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ላዩ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፣ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይሰበሰባል፣ ከደረቀ በኋላም በጥፍር ሲፋቅ ይነሳል። ፕራይመሩ ትንሽ ሸካራ ፊት ይሰጠዋል። ሸካራነቱ በዓይን አይታይም፣ ብሩሹ ግን ያውቀዋል።

ያለሱ መቀባት ይቻላል። ሞዴሉ ጨዋታ ላይ በእጅ ሲነካካ ሲሰነብት ግን የሰይፉ ጫፍና የትከሻው ጠርዝ ፕላስቲኩን ማሳየት ይጀምራሉ። መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ ሞዴል እንኳን አልመክርም።

ቀይ ቀለም ለምንድን ነው እንዲህ የሚያስቸግረው? ሰማያዊና አረንጓዴ እኮ እሺ ይላሉ።

ቀይ ገመና ሸፋኝ አይደለም፤ ከስሩ ያለውን ያሳብቃል። በሞዴል ቀለሞች ውስጥ ድምቀቱን የሚሰጡት ፒግመንቶች፣ ማለትም ደቃቅ የቀለም ዱቄቶች፣ በብዛት ኦርጋኒክ የሚባሉት ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ብርሃን ያሳልፋሉ። ብርሃኑ በስሱ ቀይ ውስጥ አልፎ ከስር ያለውን ነክቶ ይመለሳል። ከስር ጥቁር ካለ እዚያው ተውጦ ይቀራል፣ ነጭ ካለ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ዓይናችሁ የሚያየው ቀዩን ብቻ አይደለም፤ የቀዩንና የስሩን ድምር ነው።

በደንብ የሚሸፍኑ ቀዮች የሉም ማለት አይደለም። ካድሚየም ቀይ ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል፣ ግን ካድሚየም መርዛማ ብረት ነው። የብረት ኦክሳይድ ቀይ፣ ማለትም ዝገት፣ ምንም ነገር ይሸፍናል፤ ግን ቡናማ ነው። ነጭ ቀለም ውስጥ ያለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ እጅግ አድርጎ ይሸፍናል፤ ቀይ ላይ ከጨመራችሁት ግን ቀዩ ሮዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። እንግዲህ መላው ሥራውን ማከፋፈል ነው፦ መሸፈኑን ፕራይመሩ ይሥራ፣ መድመቁን ቀዩ ይሥራ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚች ሐሳብ የሚወጣ ነው።

ባለ ቀለም ፕራይመርና ተራ የስፕሬይ ቀለም ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ባለ ቀለም ፕራይመር ሁለት ሥራ ባንዴ ይሠራል፤ ይነክሳል፣ ቀለምም ይሰጣል። ተራ የስፕሬይ ቀለም ቀለም ብቻ ነው፤ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ሊይዝም ላይይዝም ይችላል፣ በተለይ የሚያብረቀርቀው ዓይነት። ጣሳው ላይ «ፕራይመር» የሚል ቃል መኖሩን አንብቡ። ለምሳሌ ታሚያ የሚባለው የሞዴል ኩባንያ ቲኤስ የሚላቸው ስፕሬዮች ምርጥ ቀለሞች ናቸው፣ ግን ፕራይመር አይደሉም። ፋይን ሰርፌስ ፕራይመር የሚለው ሌላ ጣሳ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሸጣሉ፣ ሰውም ያቀያይራቸዋል።

ከጥቁር፣ ከነጭና ከግራጫ የትኛው ይሻላል?

ከሦስቱ ምረጥ ካላችሁኝ ግራጫ። ነጭ ቀዩን ያደምቀዋል፣ ግን ምሕረት የለውም፤ ብሩሽ ያልደረሰበት እያንዳንዱ ስንጥቅ እንደ ጥርስ ብልጭ ይላል። በዚያ ላይ የብሩሹ መስመር በሙሉ ይታያል፣ ምክንያቱም ቀዩ ትንሽ የሳሳበት ቦታ ወዲያው ሮዝ ይመስላል። ጥቁር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ያልደረሳችሁበት ስንጥቅ ጥላ መስሎ ያልፍላችኋል፤ ቀዩን ግን አራት አምስት እጅ ካልቀባችሁት ያረጀ ሸክላ ይመስላል።

ግራጫ መሃል ላይ ነው። ብዙ አያደምቅም፣ ብዙም አይገድልም። የሚያስደስት ምርጫ አይደለም፤ የሚያስለቅስም አይደለም።

ቀይ ፕራይመር ገዝቼ ብገላገልስ?

አርባ ሃምሳ ወታደር የምትቀቡ ከሆነ አዎ፣ ገላግሉት። ከሞዴል ቀለም ብራንዶች ሲታደል ሜፊስተን ሬድ የሚባል ቀይ ስፕሬይ አለው፣ አርሚ ፔይንተር ደግሞ ድራገን ሬድና ፒዩር ሬድ አሉት። በአንድ ከሰዓት ሠራዊቱ በሙሉ ቀይ ለብሶ ይሰለፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀበቶው፣ ጠመንጃውና ዓይኑ ነው።

ግን አንድ ነገር እወቁ። ቀይ ፕራይመር በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ሲረጭ እሱም ያው ቀይ ነውና ያው ችግር አለበት። አንድ ወፍራም እጅ ረጭቶ ለመሸፈን መሞከር ደግሞ የፊቱን ቅርጽ መድፈን ነው። ስስ እጅ ግራጫ ወይም ቡናማ ቀይ መጀመሪያ፣ ከዚያ ሁለት ስስ እጅ ቀይ። ሁለት ጣሳ ማለት ነው፣ ኪስ ይነካል፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ሌላው ጣጣ ጥላው ነው፤ ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ቀይ ስለሚሆን ሞዴሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ስንጥቆቹ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ቡናማ ማጠቢያ ቀለም፣ ሰው ዋሽ የሚለው፣ ሳታፈሱበት እንዳትጨርሱ።

ሮዝ ከቀይ ስር ይረጫል ሲባል ሰማሁ። ቀልድ ነው አይደል?

እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ ታሚያ ሮዝ ፕራይመር በጣሳ ይሸጣል፣ ዋና ሥራውም ከቀይና ከቢጫ ስር መግባት ነው። በተለይ የመኪና ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል። የፌራሪ ቀይ ከግራጫ በላይ ስታዩትና ከሮዝ በላይ ስታዩት ሁለት የተለያየ መኪና ነው።

ለምን ይሠራል? ሮዝ ማለት ነጭ ያለበት ቀይ ነው። ውስጡ ያለው ነጭ ፒግመንት ፕላስቲኩን ቶሎ ይሸፍናል፤ ቀይነቱ ደግሞ ተመልሶ የሚወጣውን ብርሃን አስቀድሞ ወደ ቀይ ያዘነብለዋል። ስለዚህ ቀዩ ሳስቶ ያለፈበት ቦታ ነጭ ሆኖ አይጮህም፣ ጥቁር ሆኖም አይሞትም። ለዘመድ የተቀባ ሞዴል ካሳያችሁ ግን ሮዙ ላይ እያለ አታሳዩ፤ ማስረዳቱ ረጅም ነው።

ቡናማ ቀይስ? ያ የአንቲራስት ቀለም?

ይሄ የኔ ምርጫ ነው፤ አድልዎዬን አልደብቅም። ብረት በር ከመቀባቱ በፊት የሚቀባው ዓይነት ቡናማ ቀይ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ስለዚህ አንድ ስስ እጅ ብቻውን ሁሉንም ይሸፍናል። ላዩ ላይ የሚመጣው ቀይ ሁለት እጅ ይበቃዋል። ስንጥቅ ውስጥ ብሩሹ ባይደርስ የሚቀረው ጥቁር ቀይ ጥላ ነው፣ ሆን ብላችሁ የሠራችሁት ይመስላል። ሙቀት አለው፣ ክብደት አለው፣ ያረጀ ትጥቅ፣ ካባ፣ ጦር ሜዳ የቆየ ወታደር ላይ ያምራል።

ከዚህ ቤተሰብ ቫዬሆ የሚባለው የቀለም ብራንድ ጀርመን ሬድ ብራውን የሚለውን ይሸጣል፤ ታሚያም ኦክሳይድ ሬድ አለው። የቫዬሆው ስያሜ በጀርመኖቹ የቀለም ቁጥር ራል 8012 ከሚባለው ፀረ ዝገት ቀለም የመጣ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንኮች ከፋብሪካ ሲወጡ ከላይኛው ቀለም ስር ያለው እሱ ነበር። ታንክ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጭረት ሲያሳይ ከስር የሚወጣው ትክክለኛው ቀለም ስለሆነ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፦ እሳት የመሰለ፣ ከሩቅ የሚጮህ ቀይ ከፈለጋችሁ አይሰጣችሁም።

ቢጫ ወይም ብርቱካናማስ?

ቀዩን ወደ ብርቱካናማ ይጎትተዋል። ለነበልባል፣ ለዘንዶ፣ ፀሐይ ላይ ለሚውል ባንዲራ ያምራል። ለቀዝቃዛ ቀይ፣ ወደ ሐምራዊ ለሚያዘነብለው፣ አይሆንም። ቢጫ ራሱም ቀለሙ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከስሩ ነጭ ይፈልጋል፤ እዚያ ከደረሳችሁ ሥራው ሦስት ፎቅ ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም የሚለው ይለያያል። ማንን ልመን?

ማንኪያውን። ሰው የሚላችሁን ሰምታችሁ ጣሳ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ፕራይመሮች ነጭ የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ እርጩ። ማንኪያ ጉብታ ስላለው ብርሃኑን እንደ ትጥቅ ይቀበላል፣ ርካሽም ነው። በማግስቱ ያንኑ የናንተን ቀይ፣ በዚያው ብሩሽ፣ በአንድ ዓይነት ቅጥነት በሁሉም ላይ ቀቡ። ግማሹን አንድ እጅ፣ ግማሹን ሁለት እጅ። ጀርባው ላይ የፕራይመሩን ስም ጻፉ፣ አለበለዚያ በሳምንቱ የትኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

እኔ ስድስት ማንኪያ ሠርቼ መስኮት ላይ ደርድሬያቸው ነበር። ጥቁሩ ላይ ሁለት እጅ ቀይ ቡና የተደፋበት ይመስል ነበር፤ አራተኛው እጅ ላይ ነው ቀይ የሆነው። ነጩ ላይ ደማቅ ነው፣ ግን የብሩሹ ፀጉር ያለፈበት መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሮዙና ቡናማ ቀዩ ሁለት እጅ ላይ ጨርሰዋል፤ አንዱ እንደ አዲስ መኪና፣ አንዱ እንደ አሮጌ የመጽሐፍ ሽፋን። ቢጫው ብርቱካናማ ሆኖ አረፈው። ግራጫው ላይ የምለው የለኝም፤ ግራጫ ነው። ማንኪያዎቹ አሁንም አሉ፤ አዲስ ቀይ በገዛሁ ቁጥር እጀታቸው ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ።

አንድ ጣሳ ብቻ መግዛት ከቻልኩ የቱን ልግዛ?

ቀይ ብቻ የምትቀቡ ከሆነ ቡናማ ቀይ። ዛሬ ቀይ ነገ አረንጓዴ የምትቀቡ ከሆነ ግራጫ ግዙና ቀይ የሚሆነውን ቦታ ብቻ በብሩሽ ሮዝ ወይም ቡናማ ቀይ ቀብታችሁ ላዩን ቀይ አድርጉት። አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሮዝ ከአንድ ጣሳ ሮዝ ትረክሳለች።

ኮንትራስት በሚባሉት ቀለሞች ከሆነስ የምቀባው?

ያ ሌላ ጨዋታ ነው። ኮንትራስትና መሰሎቹ ሆን ተብለው ብርሃን እንዲያሳልፉ የተሠሩ ናቸው፤ ጉብታው ላይ ይሳሳሉ፣ ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ጥላውን ራሳቸው ይሠሩታል። ስለዚህ ከስር ብሩህ ነገር ይፈልጋሉ። ሲታደል በ2019 ኮንትራስትን ሲያወጣ ሬይዝቦንና ግሬይ ሲር የሚባሉ ሁለት ስፕሬዮችን አብሮ ያወጣው ለዚህ ነው። ሬይዝቦን ወደ ክሬም ያዘነብላል፣ ቀዩ ሞቅ ይላል። ግሬይ ሲር ቀዝቃዛ ነው፣ ቀዩ ጭምት ይሆናል። ለቀይ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ቡናማ ቀይና ጥቁር ላይ ኮንትራስት መቀባት ግን ሻይ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንደማፍሰስ ነው፤ የሚታይ ነገር የለም።

የመኪና ስፕሬይ ወይም የቤት ዕቃ ፕራይመር ብጠቀምስ? በጣም ይረክሳል።

አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ ሞዴሉን ይበላዋል። የመኪና ፕራይመሮች ውስጥ ያለው ማሟሟያ ኃይለኛ ከሆነ ፖሊስታይሪንን ያለሰልሰዋል፤ ጥርት ያለው የፊት ቅርጽ የቀለጠ ሻማ ይሆናል። ሞዴሉ ተቆርጦ የወጣበትን የፕላስቲክ ፍሬም አትጣሉት፤ እሱ ላይ እርጩና አንድ ሌሊት አሳድሩት። ካልተጨማደደና ካልተጣበቀ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ውፍረት ነው። የብረት በር ላይ ጭረት እንዲሞላ የተሠራ ፕራይመር የጣት አጥንት ላይም ይሞላል። ለትልቅ ታንክ ምንም አይደል፤ ሦስት ሳንቲሜትር ለሆነ ሰው ግን ጣቶቹ አንድ ላይ ይደፈናሉ። አረፋ ላይ ደግሞ፣ ማለትም ነጭ የማሸጊያ ፎም ላይ፣ የትኛውንም ጣሳ እንዳትረጩ። ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል።

እንዴት ነው በትክክል የሚረጨው?

ሞዴሉን በሳሙና ውሃ እጠቡና አድርቁ፤ በተለይ ሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የጠነከረ ፕላስቲክ፣ ከሆነ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት አለበት። ጣሳውን ውስጡ ያለው ኳስ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ነቅንቁት። ሁለት ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት እያያችሁ ካልሆነ ሠላሳ ሰከንድ ላይ ታቆማላችሁ። ባለ ቀለም ፕራይመር ላይ ይሄ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል፣ ፒግመንቱ ታች ተኝቶ ከቀረ የሚወጣው የገረጣ ቀለም ነው።

ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቃችሁ፣ ከሞዴሉ ውጪ መርጨት ጀምራችሁ፣ በላዩ አሳልፋችሁ፣ ከሞዴሉ ውጪ አቁሙ። መሃሉ ላይ ጀምሮ መሃሉ ላይ ማቆም ጠብታ ያመጣል። አጭር አጭር አድርጉት። የመጀመሪያው እጅ ፕላስቲኩን መሸፈን የለበትም፤ ጭጋግ ያረፈበት ቢመስል ይበቃል። ሲጨርስ ሞዴሉን ገልብጣችሁ ከስር ደግሞ እርጩ፣ አገጭና ብብት ሁሌም ይረሳሉ። በመጨረሻ ጣሳውን ዘቅዝቃችሁ ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ተጫኑት፣ አፉ አይደፈንም።

ከረጨሁ በኋላ ላዩ አሸዋ አሸዋ አለብኝ። ምን አጠፋሁ?

ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ነው ያረፈው። ወይ ርቃችኋል፣ ወይ አየሩ በጣም ሞቃትና ደረቅ ነው፣ ወይ ነፋስ አለ፣ ወይ ጣሳው አልተነቀነቀም። ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ካረፈበት ደግሞ ጥፋቱ የእርጥበት ነው፤ ዝናብ ሊዘንብ ሲል ወይም ዘንቦ ሳያባራ የረጨ ሰው ያውቀዋል። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ደረቅ በሆነ ቀን መርጨት ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ጣሳው ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቁሙት። ለብ ባለ ነው ያልኩት። ጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ የሚል ማስጠንቀቂያ ያለው በከንቱ አይደለም። እሳት አጠገብ፣ ምድጃ ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ አይቀመጥም።

አሸዋው ቀላል ከሆነ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ወይም በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አራግፉት። ቀይ ላይ ይሄ ግዴታ ነው፤ ሸካራው ላይ ቀይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

በእጅ ለመንካት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በቂ ሊሆን ይችላል። ለመቀባት ግን ማሳደር ነው የሚሻለው። ሽታው ገና ካልጠፋ ማሟሟያው ገና እየወጣ ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ በሁለት ሰዓቱ ቀይ የጀመርኩበት ካባ አሁንም የጣቴ አሻራ አለበት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

ቤት ውስጥ መርጨት ይቻላል?

አይቻልም። ጋዙ ተቀጣጣይ ነው፣ ማሟሟያው ደግሞ ራስ ያዞራል። ውጪ ወይም አየር በደንብ በሚተላለፍበት በረንዳ ላይ፣ ከሻማና ከሲጋራ ርቃችሁ። የአቧራ ማስክ ደቃቁን ቀለም ይይዛል እንጂ የማሟሟያውን ተን አይይዝም። ለተን ካርትሬጅ፣ ማለትም ተን የሚያጣራ ማጣሪያ፣ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ካርቶን በጎኑ አስተኝታችሁ ሞዴሉን ውስጡ ብታቆሙት ቀለሙ ግድግዳ ላይ አይሄድም። ጓንት አትርሱ፤ ቀይ ከጥፍር ስር ቶሎ አይወጣም፣ ሰውም የት ነበርክ ይላል።

ከውጭ የሚመጣ ሰው በሻንጣ እንዲያመጣልኝ ላስይዘው?

አይሆንም። ተቀጣጣይ የቀለም ስፕሬይ በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም ክልክል ነው። ሰውየውን አታስወቅሱት። በብልቃጥ የሚመጣና በብሩሽ ወይም በኤር ብረሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) የሚቀባ ውሃ መሠረት ፕራይመር ማስመጣት ይሻላል፤ ቡናማ ቀዩም በዚያ መልክ ይገኛል።

የጣሳው ቀይና የብልቃጡ ቀይ ስማቸው አንድ ነው፣ ሲታዩ ግን ይለያያሉ። ምን ላድርግ?

ስም አንድ ቢሆንም ሲረጭና በብሩሽ ሲቀባ ላዩ አንድ አይሆንም፤ አንዱ ደብዘዝ፣ አንዱ ወዝ ይላል፣ ዓይን ደግሞ ያንን እንደ ቀለም ልዩነት ያነበዋል። ከቀይ ስፕሬይ በኋላ የተሳሳተ ቦታ ብቻ በብልቃጥ ከጠገናችሁ እንደ ልብስ ጥፍ ይታያል። መፍትሔው ቀላልና አሰልቺ ነው፦ በጣም የቀጠነ አንድ እጅ የብልቃጡን ቀይ በቀዩ ሁሉ ላይ አሳልፉ። ከዚያ በኋላ ጥገናው ሁሉ ይመሳሰላል። መጨረሻ ላይ የሚረጭ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽም የቀረውን ያስታርቀዋል።

ከላይ ብርሃን የወደቀ እንዲመስል ሁለት ፕራይመር መርጨት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ለቀይ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያምራል። ሰው ይህንን ዜኒታል ይለዋል። ብዙዎች ጥቁር ከስር፣ ነጭ ከላይ ይረጫሉ፤ ቀይ ላይ ግን ይህ ጥላውን የሞተ፣ ብርሃኑን ሮዝ ያደርገዋል። እኔ ቡናማ ቀይ በሁሉም አቅጣጫ እረጫለሁ፣ ከደረቀ በኋላ ጣሳውን ከጭንቅላቱ በላይ ይዤ ሮዝ በስሱ አወርድበታለሁ። አንድ ሁለት ቅጽበት፣ ከዚያ በላይ አይደለም። የራስ ቁሩ ጫፍ፣ ትከሻውና የጫማው አፍ ሮዝ ይሆናሉ፣ ብብቱና የጉልበቱ ጀርባ ቡናማ ይቀራሉ። ላዩ ላይ የቀጠነ ቀይ ሲያርፍ ጥላና ብርሃኑ ራሱ ይወጣል። ቀዩን ካወፈራችሁት ግን ሥራው ሁሉ ተቀበረ።

በኋላ ጠርዞቹን ማድመቅ ስትፈልጉም ነጭ አትጨምሩ። ቀይ ከነጭ ጋር ሮዝ ነው፣ ወታደሩ ልደት የሚሄድ ይመስላል። ብርቱካናማ ጨምሩ። ለጥላው ጥቁር ቡናማ ወይም ሐምራዊ።

እንደ ከረሜላ የሚያበራ፣ ብረት ብረት የሚል ቀይ ለማግኘትስ?

እዚህ ላይ ያ የቀይ አሳላፊነት ጥቅም ይሆናል። ጥቁር ፕራይመር፣ ላዩ ላይ ብር ቀለም፣ ከዚያ የጠራ ቀይ። ታሚያ ኤክስ 27 የሚለው ክሊር ሬድ ለዚህ ይታወቃል። ብርሃኑ ብሩን ነክቶ በቀዩ ውስጥ ተመልሶ ሲወጣ ቀለሙ ከውስጥ የሚበራ ይመስላል። በብር ምትክ ወርቅ ቢሆን ሞቅ ይላል። እጅ በጨመራችሁ ቁጥር ይጠቁራል፣ ስለዚህ ሁሉንም ቦታ እኩል እጅ ስጡት።

ፕላስቲኩ ራሱ ቀይ ሆኖ የመጣ ሞዴል አለኝ። ፕራይመር ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል፣ በቀይ ላይ ቀይ ለምን ቢባል እንኳን። የፕላስቲኩ ቀይ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ቀጭኑ ቦታ ከወፍራሙ የተለየ መልክ ይሰጣል።

አስቸጋሪው ግን ሌላ ነው። ቀይ ፕላስቲክን ነጭ ወይም ቢጫ ልታደርጉት ከፈለጋችሁ፣ የፕላስቲኩ ማቅለሚያ በፕራይመሩ ማሟሟያ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ ነጭ ያላችሁት በሳምንቱ ሮዝ ይላል። ብዙ እጅ መደራረብ ብቻውን አያቆመውም። የመኪና ሞዴል ሠሪዎች መሃል ላይ አንድ እጅ ብር ቀለም እንደ ግድግዳ ያስገባሉ፣ ከዚያ በላይ ፕራይመር ይቀጥላሉ። ቀይ ልታደርጉት ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያሳስባችሁም፤ ቢወጣም ቀይ ላይ ቀይ ነው።

ከረጨሁ ሳምንት አልፎታል፣ አሁንም ይጣበቃል። ለምን?

ሞዴሉ ለስላሳና የሚታጠፍ ፕላስቲክ ነው፣ አይደል? ለስላሳ ፒቪሲ ውስጥ ለማለስለሻ የገባ ነገር ከአንዳንድ የስፕሬይ ማሟሟያዎች ጋር አይስማማም፤ ፕራይመሩ ሳይደርቅ እንደ ማር ተጣብቆ ይቀራል። ጠብቁ የሚላችሁን አትስሙ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞዴል ስፕሬዩን ተዉትና ውሃ መሠረት ፕራይመር በብሩሽ ቀቡ። የግድ መርጨት ካለባችሁ እግሩ ስር፣ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ።

ሁሉም ነገር ተበላሸብኝ። ሞዴሉን ልጣለው?

አትጣሉ። ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ አይሶፕሮፒል አልኮሆል አፍስሳችሁ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። አልኮሆሉ ተቀጣጣይ ነውና እንደ ጣሳው ጠንቀቅ በሉት። ሬዚን ከሆነ ለረጅም ሰዓት አትተዉት፣ ሊለሰልስ ይችላል። አሴቶን ግን በፍጹም፤ ቀለሙን ሳይሆን ሞዴሉን ያወርደዋል።

ቀይ ከስንጥቁ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ትንሽ ሮዝ ይቀራል። እሱን ለማውጣት ስትፍጨረጨሩ ቅርጹን ትጎዳላችሁ፣ ተዉት። መልሳችሁ ቀይ ልትቀቡት አይደል እንዴ?